ማክቤዝን ጎንደር ቁጭ ብሎ ማጥናት፦ ጭብጡን ከነታሪኩ

ፈተና ሲደርስ አብዛኛው ተማሪ የሼክስፒርን ተውኔት ማክቤዝን እንዴት እንደሚያጠና ታውቃላችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ሚዞረውን አጭር ኖት ያወርዳል፣ «ጭብጥ፦ የሥልጣን ጥማት፣ ክህደት፣ ጸጸት» ብሎ ይሸመድዳል፣ ከዛ «ታሪካዊ ዳራ፦ ንጉሥ ጄምስ» የሚል ሌላ ግማሽ ገጽ ይጨምርበታል፣ በቃ አለቀ። ሁለቱ ግን የትም አይገናኙም፣ አንዱ ሌላውን አያስረዳም፣ ተውኔቱም እንዳልተነበበ ይቀራል። እኔ ምላችሁ ጭብጡና ታሪኩ ሚጠናው አንድ ላይ ነው፣ መገናኛቸውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ሼክስፒር ካነበበው ዜና መዋዕል ላይ ምኑን ቀየረ፣ ለምንስ ቀየረው? ይሄን ጥያቄ ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ እየተከተለ ይመጣል። ጎንደር ሆናችሁ ምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ከብዙ ሰው ይልቅ ለዚህ ተውኔት ቅርብ ናችሁ፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።)

መጀመሪያ ንባብ ነው። እኛ ሀገር የአብነት ተማሪ ንባቡን ሳይወጣ ትርጓሜ ቤት አይገባም፣ እዚህም እንደዛው ነው። ማክቤዝ ከሼክስፒር ትራጄዲዎች ሁሉ አጭሩ ነው፣ አምስት ገቢር ቢሆንም ቅዳሜና እሁድን ከሰጣችሁት ያልቃል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሰውታልና ካገኛችሁት መጀመሪያ እሱን አንብቡና ታሪኩን ጨብጡ፣ ከዛ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንደገና። እንግሊዝኛው ላይ ግን እያንዳንዱን ቃል ካልፈታሁ ብላችሁ ዲክሽነሪ ላይ አትቸከሉ፣ ያልገባችሁን በእርሳስ አስምሩና እለፉ፣ ግማሹ ሦስት መስመር ወረድ ስትሉ ራሱ ይፈታላችኋል። ማብራሪያና ኖት ምናምን ከዚህ በፊት አትንኩ፣ ምክንያቱም አንዴ «ጭብጡ ይሄ ነው» ተብሎ ከተነገራችሁ በኋላ ዓይናችሁ ሌላ ነገር አያይም።

ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ተውኔት ነው፣ ለጆሮ ነው የተጻፈው። አራት አምስት ሆናችሁ ገጸ ባሕሪ ተከፋፍላችሁ፣ ማራኪ ግቢ ውስጥ ጥላ ስር መቀመጥም ይቻላል፣ ዋናው ድምፁ መውጣቱ ነው። ሙሉውን ጮክ ብሎ ማንበብ ካልተቻለ ቢያንስ ገቢር 2 ትዕይንት 2ን እንዳታልፉት። ማክቤዝ ንጉሥ ዳንካንን በተኛበት ገድሎ ሲመለስ ሚስቱ እየጠበቀችው ነው። ያ ሁሉ ረጅም ረጅም ንግግር ሲናገሩ የነበሩ ሰዎች እዚህ ጋር ቃላቸው ቁርጥርጥ ይላል፣ አልተናገርክም? መቼ? አሁን፣ ስወርድ? እያሉ አንድ ቃል አንድ ቃል ነው ሚወራወሩት፣ ስታነቡት ትንፋሻችሁ ራሱ ያጥራል። ከዛ ማክቤዝ አንድ ነገር ያወራል። በጎን ካለው ክፍል የተኙ ሁለት ሰዎች ባንነው ነቅተው ጸሎት አደረሱ፣ አንዱ እግዜር ይባርከን አለ፣ ሌላው አሜን አለ፣ እኔ ግን ደም በጨቀየ እጄ ቆሜ እየሰማኋቸው አሜን ማለት አቃተኝ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ ይላል። በረከት ከሁሉ በላይ ያስፈለገኝ እኔ ነበርኩ፣ ለምንድነው አሜን ማለት ያቃተኝ? እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ያደገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ሚስቱ ምን ብላ ነው ምትመልስለት? እንዲህ እንዲህ እያሉ ማሰብ ያሳብዳል፣ ተወው ትለዋለች፣ ትንሽ ውሃ ያጸዳናል ትለዋለች። አሁን ዝለሉና ገቢር 5 ትዕይንት 1ን ክፈቱ፣ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን ምትፈትገው፣ የአረብ ሽቶ ሁሉ ተሰብስቦ ይችን ትንሽ እጅ አያጸዳትም ምትለው እሷ ናት። ያሳብዳል ያለችው እሷ፣ ያበደችውም እሷ። ቀድሞ ከሞላ ጎደል በግጥም ትናገር የነበረችው ሴት እዚህ ጋር በስድ ንባብ ነው ምትናገረው፣ ይሄንንም ልብ በሉ።

ጭብጥ ሚገኘው እንዲህ ነው፣ ሁለት ቦታ አጋጥሞ በማየት። ስለዚ ደብተር አዘጋጁና ሚደጋገሙ ቃላትን አሳድዱ፣ ደም፣ እንቅልፍ፣ ልብስ፣ ወንድ። እያንዳንዱ ቃል የት ገቢር የት ትዕይንት ማን አፍ ላይ እንደወጣ ጻፉ። ልብስ ለምሳሌ ብዙ ሰው ያልፈዋል፣ ማክቤዝ ገና መጀመሪያ ላይ አዲስ ማዕረግ ሲሰጠው የሰው ልብስ ለምን ታለብሱኛላችሁ ነው ሚለው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠላቶቹ ማዕረጉ የግዙፍ ሰው ካባ ድንክ ሌባ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው ይላሉ። አልጠበበውም፣ ሰፋበት።

እኔ ግን በተለይ «ወንድ» የሚለውን እንድትከተሉት ነው ምፈልገው፣ ምክንያቱም እዚህ አካባቢ ያደገ ሰው ፉከራና ሽለላ በየሰርጉ እየሰማ ነውና ጆሮው የሰላ ነው። ገቢር 1 ትዕይንት 7 ላይ ማክቤዝ «ይቅር፣ አንገድለውም» ብሎ ወስኖ ነበር፣ ወስኖ! ሚስቱ ምንድነው ያደረገችው፣ አልተከራከረችውም፣ ይሄን ለማድረግ ስትደፍር ያኔ ወንድ ነበርክ አለችው፣ በቃ በዚህ አንድ ቃል ተገለበጠ። ከዛ ገቢር 3 ላይ ማክቤዝ ራሱ የጦር ጓደኛውን ባንኮን እንዲገድሉለት ሁለት ሰዎች ሲያባብል ያንኑ ነው ሚጠቀመው፣ እነሱም ወንዶች ነን ጌታዬ ይላሉ፣ እሱም ውሻም እኮ ዓይነት ዓይነት አለው ብሎ ይነካካቸዋል፣ የተነካበትን ቁስል ለሌላ እያስተላለፈ ነው ማለት ነው። ግብሩ ላይ የባንኮን መንፈስ አይቶ ሲርበተበት ሚስቱ አንተ ወንድ ነህ? ትለዋለች እንደገና። አሁን ገቢር 4 ትዕይንት 3። ማክቤዝን የከዳው ባላባት ማክደፍ ሚስቱና ልጆቹ ሁሉ መታረዳቸውን ሲሰማ የዳንካን ልጅ ማልኮም እንደ ወንድ ቻለው ይለዋል፣ ማክደፍ ደግሞ እችለዋለሁ፣ ግን እንደ ወንድ ሊሰማኝም ይገባል ብሎ ይመልሳል። ለኔ በተውኔቱ ውስጥ ከሁሉ ትልቁ መስመር ይሄ ነው፣ ከላይ ጀምሮ ወንድነት ማለት መግደል ነው ሲባል መጥቶ እዚህ ጋር አንድ ሰው ቆሞ ማልቀስንም ወንድነት ውስጥ አስገባው። አሁን ደብተራችሁ ላይ «ጭብጥ፦ ወንድነት» ብላችሁ አታቁሙ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፣ ማን ምን ብሎ ያምናል፣ እምነቱስ ምን አመጣበት፣ ማን ተቃወመው። በአንድ ቃል የተጻፈ ጭብጥ ገና ጭብጥ አልሆነም።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ ሁለት ዘመን ለዩ፣ ታሪኩ የሆነበት ዘመንና ተውኔቱ የተጻፈበት ዘመን፣ በመካከላቸው ከ500 ዓመት በላይ አለ። ማክቤዝ ሚባል ንጉሥ እውነት ስኮትላንድ ውስጥ ነበር፣ ከ1040 እስከ 1057 ነግሷል። ዳንካንንም ያሸነፈው ጦር ሜዳ ላይ ነው እንጂ ቤቱ አስተኝቶ አላረደውም፣ ዳንካንም ሽበታም ሽማግሌ አልነበረም፣ ወጣት ንጉሥ ነበር። እውነተኛው ማክቤዝ 17 ዓመት ገዝቶ በ1050 ሮም ድረስ ተሳልሟል፣ ሀገሩ ካልተረጋጋች ደግሞ ንጉሥ ያን ያህል ርቆ አይሄድም። በዛን ጊዜ ስኮትላንድ ውስጥ ዙፋን ከአባት ወደ በኩር ልጅ ዝም ብሎ አይወርድም፣ ከንጉሡ ዘር አቅም ያለው ሊይዘው ይችል ነበር፣ ስለዚ ዳንካን ገቢር 1 ትዕይንት 4 ላይ ልጄ ማልኮም ወራሼ ነው ብሎ ሲያውጅ ማክቤዝ ለምን እንደሚደነግጥ አሁን ይገባችኋል፣ ያለ ታሪክ ስታነቡት ግን ዝም ብሎ ቅናት ነው ሚመስለው።

ሼክስፒር ይሄን ታሪክ ያገኘው ሆሊንሼድ ከሚባል ሰው ዜና መዋዕል ነው፣ መጀመሪያ የታተመው 1577 ሲሆን ሁለተኛው እትም 1587 ወጣ። እዛ ላይ ባንኮ የማክቤዝ ግብረ አበር ነው፣ ዳንካንን ሲገድል አብሮት አለ። ተውኔቱ ላይ ግን ባንኮ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። አንድ ትልቅ ለውጥ ይሄ ነው። ሌላው፣ በተኛበት የተገደለው እንግዳ ንጉሥ፣ ባሏን ምትገፋፋው ሚስት፣ ሰክረው የተኙት ጠባቂዎች፣ እነዚህ እዛው መጽሐፍ ውስጥ ካለ ከሌላ ታሪክ፣ ዶንዋልድ ሚባል ሰው ንጉሥ ዳፍን ከገደለበት ታሪክ ተወስደው ነው ማክቤዝ ላይ የተሰፉት። ለምን? የባንኮ መልስ ለንደን ውስጥ ነው ያለው። በ1603 ንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳትወልድ ሞታ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝንም ዘውድ ደረበ፣ የሼክስፒርን የተዋንያን ቡድንም በራሱ ስር አድርጎ የንጉሡ ሰዎች አሰኘው። ጄምስ ደግሞ ከባንኮ ዘር ነኝ ባይ ነበር። እና የንጉሡን አያት ንጉሥ ገዳይ አድርጎ መድረክ ላይ ማን ያወጣል? የእንግዳው ግድያ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አይፈታም፣ እሱ የጥበብ ምርጫ ነው፣ ጦር ሜዳ ላይ የተገደለ ንጉሥ ትራጄዲ አይሆንም፣ ያልጠረጠረ እንግዳ ግን ይሆናል። ማክቤዝ ራሱ እኮ ይላል ገቢር 1 ትዕይንት 7 ላይ፣ ዘመዱ ነኝ፣ አሽከሩ ነኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግዳዬ ነው፣ ገዳይ ቢመጣበት በር መዝጋት ሲገባኝ ራሴ ቢላ እንዴት እይዛለሁ ይላል። እንግዳ የእግዜር ነው እየተባለ ባደገ ሰው ጆሮ ይሄ ንግግር እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። እንደዚህ ነው እንግዲህ ለውጡን ማጥናት፣ አንዱን ፖለቲካ ያስረዳዋል፣ አንዱን ጥበብ።

የተጻፈበት ጊዜ 1606 ገደማ ነው ተብሎ ነው ሚታመነው። ከዛ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1605፣ ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ለማጋየት የተዶለተው ሴራ ከሸፈ። በሴራው ሄንሪ ጋርኔት የተባለ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር) ካህን ተከሶ በ1606 ተሰቀለ፣ ችሎት ላይ ትልቅ ወሬ የሆነው ደግሞ ሳይዋሹ ማሳሳት ይቻላል የሚለው ትምህርት ነበር። አሁን ገቢር 2 ትዕይንት 3 ላይ ያለውን የሰከረ በረኛ ሂዱና አንብቡት፣ የሲኦል በረኛ ነኝ እያለ በሁለት አፍ ሚምል ሰው መጣ፣ ለእግዜር ብሎ ስንት ክህደት ፈጽሞ መንግሥተ ሰማያትን ግን ማታለል ያልቻለ ይላል። የለንደን ተመልካች ወዲያው ነው የሚገባው ማንን እንደነካ። ብዙ ተማሪ በረኛው ለሳቅ ብቻ የገባ ይመስለዋል፣ ሳቁም አለ፣ ግን ለማክቤዝ ትነግሣለህ ብለው የተነበዩለት ጠንቋዮቹም እኮ ሚናገሩት በዚያው በሁለት አፍ ነው። ከሴት የተወለደ አይነካህም አሉት፣ ማክደፍ ግን የእናቱ ማሕፀን ተቀዶ የወጣ ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁ ያመለጠው ሰው ነው ማክቤዝ፣ በቅኔ ሀገር ይሄን ማብራራት አያስፈልግም።

እግረ መንገዳችሁን የራሳችሁንም ሀገር ታሪክ አጠገቡ አስቀምጡት፣ እኛ ጋ በዛው ሰሞን ዙፋን ላይ ጦርነት ነበር፣ በ1607 ሱስንዮስ ያዕቆብን ጎል ላይ አሸነፈ፣ ጴጥሮስ ፓኤዝ ሚባለው ኢየሱሳዊ ካህንም ከ1603 ጀምሮ ሀገር ውስጥ ነበር። አፄ ፋሲል ካቶሊኮቹን አባርረው ጎንደርን የመሠረቱት ከዛ በኋላ ነው፣ ከተማዋ በ1636 ነው ምትጀምረው። ለንደን ውስጥ ኢየሱሳዊ ሚለው ስም ያስነሳ የነበረውን ስሜት ለመገመት ይሄ ይረዳል።

ጠንቋዮቹ ላይ ስትደርሱ ተረት አድርጋችሁ እንዳታዩዋቸው። ጄምስ ስለ ጥንቆላ ራሱ መጽሐፍ የጻፈ ንጉሥ ነው፣ 1597 ላይ፣ ከዛ በፊትም በ1590ና 91 ስኮትላንድ ውስጥ መርከቤን በማዕበል ሊያሰጥሙ ነበር ተብለው ብዙ ሰዎች ሲመረመሩ እሱ ራሱ ተገኝቷል፣ በ1604 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ጥንቆላን ሚቀጣ ጠንከር ያለ ሕግ ወጣ። ጥያቄው ግን ጠንቋዮቹ ያስደርጉታል ወይስ እሱ ቀድሞም ልቡ ውስጥ ነበረ የሚለው ነው። ይሄን ለመወያየት ቋራን አስቡ። ፍካሬ ኢየሱስ ላይ ቴዎድሮስ ሚባል ንጉሥ ይነሳል የሚል ትንቢት ነበር፣ የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1855 ሲነግሥ ስሙን ቴዎድሮስ አለ። ትንቢቱ ነው ሰውየውን የሠራው ወይስ ሰውየው ነው ትንቢቱን ያነሳው? ግሩፓችሁ ውስጥ ይሄን ጠይቁ፣ ሁሉም ሰው አስተያየት አለው፣ ከዛ ያንኑ ጥያቄ ማክቤዝ ላይ መልሱት። ባንኮም እኮ ትንቢቱን እኩል ሰምቷል፣ ግን አልገደለም።

አሁን ፋሲል ግቢ። አንድ ከሰዓት ደብተራችሁን ይዛችሁ ግቡና አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት አጠገብ ተቀመጡ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት ታላቁ ኢያሱ በ1706 ጣና ደሴት ላይ ተገደሉ፣ በዛን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ዙፋን ላይ የተቀመጠው የገዛ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነበር፣ እናቱ መለኮታዊትም እጇ አለበት ተብሏል። ልጁ ግን ከአባቱ ሞት በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየም፣ በ1708 እሱም ተወግቶ ሞተ፣ ታሪክም ርጉም ተክለ ሃይማኖት ብሎ አስቀረው። ከዛ የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነገሠና መለኮታዊትን ሰቀላት። ደም ደምን ይጠራል ነው ሚለው ማክቤዝ ገቢር 3 ላይ፣ ይሄው። 60 ዓመት ቆይቶ ደግሞ በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደሉ፣ ዘመነ መሳፍንት ገባ። በቀጣዩ ዓመት ጎንደር የደረሰው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነበር፣ የማክቤዝ ሀገር ሰው ማለት ነው፣ የዛን ሰሞን ቤተ መንግሥት በዓይኑ አይቶ ጽፏል።

ግን እዚህ ጋር ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። መለኮታዊት እመቤት ማክቤዝ ናት ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ መምህሩም አይቀበላችሁም፣ እውነትም አይደለም። አንደኛዋ ለልጇ ነው ሌላዋ ለባሏ፣ አንደኛዋ በሕይወት የነበረች ሴት ናት፣ ሌላዋ ከዶንዋልድ ሚስት ታሪክ ተወስዳ የተሰራች ገጸ ባሕሪ ናት። ደግሞ ሁለት ተመሳሳይ ታሪክ ስላገኛችሁ ብቻ ነገር አልተፈታም፣ የሚጠቅመው ልዩነቱ ነው። ለምሳሌ ጎንደሮች ወራሽ እንዳይፋጅ ብለው መሳፍንቱን ወህኒ አምባ ላይ ያስቀምጡ ነበር፣ ስኮትላንድ ውስጥ እንደዛ ዓይነት አምባ የለም፣ ታዲያ ማክቤዝ ተቀናቃኞቹን ምን አደረጋቸው? ማልኮም ሸሸ፣ ባንኮ ተገደለ፣ የማክደፍ ሕፃናት ታረዱ። እንዲህ ሲነጻጸር የግፉ መጠን ይታያችኋል። ዜና መዋዕልን ደግሞ ማን ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ፣ የማክቤዝን ታሪክ የጻፉት እሱን የጣሉት ሰዎች ዘር ሲገዛ ነው፣ የኛንም እንደዛው መርምሩት።

አሪስቶትልን በተመለከተ ብዙ አልቆይም፣ አሳዛኝ ጉድለት ሚባለውን ነገር፣ ዋናውን ገጸ ባሕሪ ሚጥለውን ድክመት ማለት ነው፣ መጥቀስ ይቻላል፣ ግን «ጉድለቱ የሥልጣን ጥማት ነው» ብሎ ማቆም ምንም አያስረዳም፣ ምክንያቱም ማክቤዝ ክፉ መሆኑን እያወቀ፣ እየተንቀጠቀጠ ነው የገባበት፣ ትራጄዲ ያደረገው ማወቁ ነው። የጠንቋዮቹን አለቃ የሔካቴን ትዕይንቶች ደግሞ ብዙ ሊቃውንት ሌላ ጸሐፊ የጨመራቸው ነው ስለሚሉ ትልቅ ክርክር እዛ ላይ አትትከሉ።

ድርሰት ስትጽፉ በእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ትዕይንት፣ አንድ ለውጥ፣ አንድ ምክንያት ይኑር። «በሼክስፒር ዘመን ሰዎች በጥንቆላ ያምኑ ነበር» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፣ ያ እምነት ገቢር 1 ትዕይንት 3ን እንዴት እንደሚያስነብበን አሳዩ። ከዛ እንደ አንድምታው «አንድም» እያላችሁ ሁለተኛ ፍቺ ጨምሩ፣ ከመጀመሪያው ጋር ቢጋጭም ችግር የለም፣ ሁለቱንም ከጽሑፉ እስካስረዳችሁ ድረስ።

ሰው ሁሉ ሚዘለውን ገቢር 4 ትዕይንት 3ን አትዝለሉ፣ ረጅም ነው፣ ያደክማል፣ ግን ማልኮም እኔ ከማክቤዝ እብሳለሁ እያለ ማክደፍን ሚፈትንበት፣ ጥሩ ንጉሥ ምን ዓይነት ነው ሚባለው እዛ ነው። የመጨረሻውን የማልኮምንም ንግግር በደንብ እዩት፣ ባላባቶቹን በእንግሊዝ ማዕረግ ይሾማቸዋል፣ ስኮትላንድ እንዲህ ብላ ስትሾም የመጀመሪያዋ ነው ይላል፣ ሁለቱን ዘውድ የደረበው ጄምስ ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚል አስቡት። ከዛ ለግሩፑ አንድ ጥያቄ ወርውሩ። ጠንቋዮቹ ዘውዱ ለባንኮ ዘር ነው ብለዋል፣ የባንኮ ልጅ ፍሊያንስም ገቢር 3 ላይ ከገዳዮቹ አምልጦ ጠፍቷል፣ ከዛ በኋላ መድረክ ላይ አይመለስም፣ መጨረሻ ላይ ዘውዱን የጫነው ማልኮም ነው። ታዲያ ከማልኮም ቤት ወደ ባንኮ ቤት ዘውዱ እንዴት ሊሻገር ነው፣ በሰላም ነው በደም?